ላልቶ፣ ጠብቆ

አራጋው ጠጋኙ፣ ፒያሳ ከደረጃው ስር፣
ዕቃውን ሳይሰጠኝ ጀመረ ነውሩን መዘርዘር፦
«እህቴ፣ አልዋሽሽም፤ ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣
ግማሹ ጠቁሯል፣ ግማሹ ደግሞ ሞቷል።
ደህናው አስራ ስምንት ሺህ ነው፤ ይኼ በአምስት ይሂድ፤
ኋላ እንዳትረግሚኝ፣ ስትሄጂ በመንገድ።»

በጣቴ ዳሰስኩት፤ ከጥግ እስከ ጥግ የሄደ ጭረት፣
እንደ ቦርከና በበጋ፣ የቀጠነ የውሃ ምልክት።
«ፊቴን ለማላይበት መስታወት ምን ብዬ ልክፈል?» አልኩት፤
«አራት ሺህ ሁለት መቶ።»
ሳቀ። በዚያው ገዛሁት።

ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የሚያነብልኝ ድምፅ ባለዋጋ ነበር፣
ፈቃዱ ለአንድ ዓመት የሚሸጥ በዶላር፤
እኛ የቅምሻውን ነበር የምንጠቀም፤
አርባ ደቂቃ ያነባል፣ ከዚያ እንደ ተቆጣ ባለሱቅ ዝም።
አጥፍቼ አስነሳዋለሁ፤ ደግሞ ከደጁ ስገባ፣
መመረቂያዬ የተጻፈው እንደ ዕቁብ ነው፤ አርባ በአርባ።

አሁን ነፃውን እብሬ ከኮምቦልቻ በፍላሽ አመጣልኝ፣
«አብሽሪ ጦይባ፣ ይኼ ሂሳብ የለውም» አለኝ።
የለውም። አማርኛው ግን የእንግዳ፣
ቃል ማጥበቅ አያውቅ፣ ሁሉን አላልቶ የሚነዳ።
«ለኪራይ ገንዘብ አለ» ብዬ የጻፍኩትን ሲያነበው ላልቶ፣
ምን አለ? ብዬ ጠበቅኩት፣ ጆሮዬ ቆሞ፣ ተነስቶ።
አልጨረሰም። ገንዘብ እስካሁን ምንም አላለም።
«ሰፊ ናት» ብዬ ብጽፍ፣ ልብስ ሰፊ ሆና ቁጭ አለች ዓለም።

እንድሪስ አባቴ፣ በሸዋ በር የታወቀ፣
እውነተኛው ሰፊ፣ ከሲንጀሩ ላይ ሳቀ፦
«በይ እንግዲህ፣ የሙያ ጓደኛ አገኘሁ፤
ለመሆኑ ክሩን ከየት ታመጣለች? እኔ ጥቁሩን አጣሁ።»

የሱ መኪና የሚበላው እግር ነው፣ የኔ መብራት፤
መብራቱ ሲሄድ ለኔ የምትቀረኝ ሃያ ሁለት ደቂቃ ናት።
ስለዚህ ድምፁን አፈጥነዋለሁ፣ እጥፍ፣ የእጥፍ እጥፍ፣
ባትሪው ሳያልቅ ገጹ እንዲያልፍ።
ማዳመጫዬ አንዱ ጎኑ ሞቷል፣
ባዶው ጆሮዬ ለበሩ ነው፤ ደንበኛ ሲመጣ ይሰማል።
አባቴ አንዴ አዳምጦ «ንብ አስገብተሽበታል» ይላል፤
ድህነት እንዲህ ነው፤ ጆሮ ያሮጣል።

ትናንት ከኩታበር አንድ ሰው መጣ፣ የይዞታ አቤቱታ ይዞ፣
ከጎኔ ቁጭ አለ፣ ዱላውን ተመርኩዞ።
እየነገረኝ ጻፍኩ። ቆይቶ ቆይቶ ደነገጠ፦
«ልጄ፣ እዚህ ላይ'ኮ ምንም የለ! የራሴ ፊት ነው የተገለጠ!»
«ጢምዎ አድጓል ወይ?» አልኩት።
እጁ ጢሙን ሲያሽ ሰማሁ፣ ሻካራ።
ከጎረቤት ማተሚያ ቤት ወረቀቱን ስቀበል በተራ፣
የቤቱ ልጅ አነበበለት፤ መስመር በመስመር፣ ድንበር በድንበር።
«ወላሂ፣ የኔው ቃል ነው» አለ።
ሠላሳ ብር።
አምስቱ ለወረቀት፤ የቀረው ለባትሪ ይጠራቀም፤
ሦስት ሺህ ነው አዲሱ፤ ገና ነው፣ ሩቡም አልሞላም።
«ገና»ን እንኳ በትክክል ያነባታል፤ መጥበቅ አያስፈልጋትም።

እብሬ ደውሎ፣ ማረሚያ አለው አለኝ፣ ቃል የሚቃናበት፤
«ሰፊ»ን አንዴ አጥብቂለትና ይገላገልበት።
ሞከርኩ። ዓለም ሰፋች። ግን «አባቴ ሰፊ ነው» ስል፣
ከሸዋ በር እስከ ጦሳ ተዘርግቶ ቁጭ፣ እንደ አምባሰል።
አባቴ ከስቷል። የገዛ ሱሪውን ሁለቴ አጥብቧል ዘንድሮ።
ማታ እርማቱን ደመሰስኩት፤ ይሁን እንደ ድሮ።

«ዓለም ትስፋ» ብዬ ጻፍኩ፤ ይቺን ቃል አልሳታት፤
ላልታም ጠብቃም አትለወጥ፤ እንዳሻው ቢያነባት
መስፋትም፣ መስፋትም ናት።

አባቴ መርፌና ክር አቀበለኝ፤
ዓይኑ ደክሟል፤ የማስገባው እኔ ነኝ።
ከወደ ጭኔ፣ ማሽኑ፦
«ባትሪ ሰባት በመቶ አለ።»

አለ።