«ሥራ» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ

ውርጩ ሣር ሲያነጣ፣ በኅዳር ማለዳ፣
ልጄን በጀርባዬ፣ ከጠባሴ ሜዳ
እስከ ክፍለ ከተማው፣ አዝዬው ስወጣ፣
የአሥራ ስድስት ዓመት ጢም፣ ትናንትና የመጣ፣
ማጅራቴን ወጋኝ።
ጎረመሰ አልኩኝ፤
ሳላየው ነገረኝ።

እግሩ እየረዘመ፣ ቁርጭምጭሚቴን ነካ፤
እኔ እያጠርኩ ኖሯል፣ እሱ ሲያድግ ለካ።

መስኮት አንድ፦ «መታወቂያ።»
መስኮት ሁለት፦ «የሐኪም ቦርድ፣ ማህተም ያለው።»
መስኮት ሦስት፦ «ባለጉዳዩ ራሱ ይቅረብ!»
ይኸው፣ አልኩና ጀርባዬን አዞርኩ።
ይድነቃቸው ፈገግ አለ፤
ለሃጩ ጃኬቴ ላይ ወረደ።

«የሴፍቲኔቱ ኮታ፣ ሞልቷል በሰኔ» አለኝ፤
«እናቱስ የት አለች?» — ይሄኛው አቃጠለኝ።
እናቱማ ፋብሪካ፣ ክር ላይ ናት ሌሊቱን፤
ጧት ስትገባ ወድቃ፣ ትተኛለች ቀኑን።
የቀረውን እኔ ነኝ የያዝኩት።

ከአጥሩ ሥር ጥላዋን፣ በሲባጎ አስራ፣
ወረቀት በካርቦን፣ ሦስት አነባብራ፣
እትዬ ዘርፈሽዋል ትጽፋለች፤ ገጹ ሃያ ብር።
ከመስኮቱ ጀርባ፣ ሠላሳ ዓመት ሠርታ፣
ጡረታ የወጣች ናት፣ ገመናውን አይታ።

እኔም እንደ ደንቡ፣ አንገቴን ሰበርኩኝ፤
«በእግዚአብሔር ስም ብለሽ፣ ችግረኛ ነው በይልኝ...»
አላስጨረሰችኝም።
«ለምኖ ያልጻፈ፣ ማን አለ በዚህ ደጅ?
ልመናህን ተወው፤ ሌሊቱን ቁጠር እንጅ።
ስንቴ ትነሣለህ?»
ቆጥሬ አላውቅም።
«ቁጠር።»

አራቴ አገላብጠዋለሁ፣ ጎኑ እንዳይቆስል።
አንዴ ለሽንት። አንዴ ጥርሱን ሲያፋጭ።
አጥሚቱ በማንኪያ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል፤
ካፈጠንኩ ትን ይለዋል።
እግሩን በቅባት አሻለሁ፤ ያለዚያ ይተሳሰራል።
ሲስቅ ደግሞ አብሬው መሳቅ አለብኝ፣
ብቻውን አይሆንለትም።
«እሱንም ልጻፈው?»
ጻፊው አልኳት። ከዚያ ደግሞ፦ አይ፣ ተይው።

«ሥራ» ከሚለው ፊት፣ ከፋብሪካው ወዲህ፣
«የለኝም» ነው የምል፤ ዘንድሮም እንዲሁ።
እሷ «አስታማሚ» ብላ ጀመረች፤ ሰረዘችው፦
«ልጁ መች ታመመ?»
ቀና ብላ ደግሞ፣ አንድ ጊዜ አየችኝ፣
«ተንከባካቢ» ብላ፣ በሰማያዊ ጻፈችኝ፤
«ቀንም ሌትም» የምትል አከለችበት።

«ቦርዱ ማክሰኞ ነው፤ ሆስፒታል ሂድ ቀድመህ፤
የጤና መድኑንም፣ በነጻ ጠይቅ ደፍረህ፤
የቀጥታ ድጋፉ ሐምሌ ላይ ይታያል።
ሞልቷል ካሉህ፣ ቀኑንና ስማቸውን ጽፈው ይፈርሙልህ፤
በቃል ያለ ይረሳል።»

መስኮት ሦስት ፈረመ፣
እያጉረመረመ።

ሃያ ብሩን ሰጠኋት፤ አሥሩን መለሰችው፤
«ለባጃጅ» አለችኝ።
አልተሳፈርኩም። መመለሻው ቁልቁለት ነው፤
አሥር ብር ደግሞ ሁለት ሳሙና ባይሆን አንድ ነው።
የተፈረመውን ቅጂ በልጄ ሹራብ ውስጥ ከተትኩት።
በእኔ ጀርባና በእሱ ደረት መሀል
በተራመድኩ ቁጥር ወረቀቱ ይንኮሻኮሻል፤
ይሄ አሳቀው፣ ጮክ ብሎ፣ መንገደኛው እስኪዞር።
እኔም፣
ሥራዬ ነውና፣
ሳቅሁ።