ከቁልፉ በፊት

ደረጃው ሠላሳ ስድስት ነው፤ ቆጥሬዋለሁ በጆሮዬ፣
ብርድ ልብሱን እስካገጬ ስቤ፣ በጨለማ፣ ከአልጋዬ።
አባቴ ታይስቶ፣ ከወረቀት ፋብሪካው፣ ደመወዝ በተከፈለ ማታ፣
ሃያኛው ላይ ቆሞ ከተነፈሰ፣ የልቅሶው ነው፤ የይቅርታ፤
ይቀሰቅሰናል፣ ይስመናል፣ ብስክሌት ይገዛልናል በአፉ፤
ሲነጋ ብስክሌቱ፣ ከነደወሉ፣ ቀርቶ ይገኛል በእንቅልፉ።
ሳይቆም ከወጣ ግን፣ ቀጥ ብሎ፣ እንዳልጠጣ ሰው ተጠንቅቆ፣
ያኔ ነው መነሣት፣ ትንፋሽን አንቆ።

ቁልፉ ቀዳዳውን ሲያጣ፣ ብረት ብረትን ሲፍቅ፣
እኔ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ብርጭቆ ነው የምደብቅ።
የወንድሜን የቬሳን ጫማ ከመንገዱ አነሣለሁ፣
የእናቴን መነጽር መሳቢያ ውስጥ እከታለሁ፣
መብራት አጠፋለሁ፣ ተመልሼ እተኛለሁ።
እንደ ሞተ ሰው መተኛት፣ ይህን ሙያ እችላለሁ።

ጎረቤታችን ሄልቪ፣ "ምን ያለች ጨዋ ልጅ ናት!
ኮቴዋ እንኳ አይሰማም" ይሉ ነበር። እውነት ብለዋል፤
በዚያ ቤት ኮቴ ያለው አንድ ሰው ብቻ መሆኑን
ማን ነግሯቸዋል?

ታይስቶ ከሞተ፣ አሥራ አንድ ጊዜ በረዶ ወርዷል በመቃብሩ፤
ኬሚ ያለው ያ ፎቅ ታድሶ፣ አሳንሰር ገብቶለታል አሉ በበሩ።
ኦሉ ነው የምኖረው፤ ቤቴ ምድር ላይ ነው፤ ደረጃ የለውም፤
እያወቅሁ ነው የመረጥሁት፤ ለማንም አልተናገርሁም።
ባሌ ዮርማ አይጠጣም። ቢጠጣም አንድ ቢራ፣ ከሳውና በኋላ፤
ጠርሙሱ ሲተነፍስ በአንድ ጆሮዬ እቆጥራለሁ፤ ፊቴ አይታወቅ ለሌላ።
ወንበር ሲገጨኝ ይቅርታ እላለሁ፣ ለወንበሩ፤
አለቃዬ ዝም ያለች ቀን፣ የኔ ጥፋት ነው ሥሩ።

ትናንት ማታ፣ ከዜሮ በታች ሠላሳ ወርዶ ብርዱ፣
የዮርማ ጣቶች ደንዝዘው፣ አልታዘዝ ብለው ሲከብዱ፣
ብረት ብረትን ፋቀ።

ሳውቀው ወጥ ቤት ቆሜያለሁ፤ ሦስት ብርጭቆ በእጄ።
ከመተላለፊያው፣ በካልሲ፣ ቬንላ መጣች፣ ልጄ።
ሰባት ዓመቷ ነው። አያቷን አታውቀው። ማንም ምንም አላላት።
ጫማዋን ከበሩ መንገድ አንሥታ፣ ደረቷ ላይ ይዛ አየኋት።

ዮርማ ገባ፤ ጢሙ በረዶ፤ "ጣቴ እኮ ከዳኝ!" አለና ሳቀ።

ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ፣ ሆን ብዬ ድምፅ እያሰማሁ፣
ጠረጴዛው ላይ መለስሁ። ከፊቷ ተንበረከክሁ።
"ጫማሽን እዚያው ተዪው፤ ማንም አይረግጠውም።"

አየችኝ። አባቷን አየች። ብዙ ቆየች።
አንዱን ጫማ አስቀመጠች፤
አንዱን ያዘች።