ያላየናት ጎል

ስምንት ነን በእቁቡ፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ፣
ሸርፍ ተራ ጥጉ ላይ ልብስ ስሰፋ የምገኝ።
ሰኞ ሰኞ ሃምሳ ብር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ፣
ሚስቶቻችን "ለምን?" ሲሉ
"ለጣሪያ ነው" እያልን፣
(አላህም እግዜርም ይቅር ይበለን)
ለካስ ዋንጫው ሲደርስ፣ አንዳችንን ደቡብ አፍሪካ ልንሰደው፣
የሀገር ልጅ ሲጫወት ስለ ሰባታችን ቆሞ እንዲያየው።

ዕጣው ተጣለ በእንድሪስ ባርኔጣ፤
የጎረቤት ሕፃን እጇን ሰደደች፣ አንድ ወረቀት ወጣ፦
ሙሄ ይማም።
ዝም አልን ሁላችንም።

ሙሄ ጫማ ጠጋኝ ነው፤ ለሆጤ ሜዳ ልጆች ኳስ በነፃ ይሰፋል፤
ሲቆም የስፌት መኪናዬን በአንድ ስንዝር ያልፋል።
በሁለት ዓመት እቁብ ከአፉ የሰማነው ቃል
"ይኸው" ነው፤ ሃምሳውን ሲያስቀምጥ።
ይህ ሰው አይቶ መጥቶ ምን ብሎ ሊያወራን?
"ዕጣው ቢደገምስ?" አለ ተኮላ ፈራ ተባ፣
መልሶ ራሱ አፈረ፤ ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ አገባ።

ኮቱ የእንድሪስ ነው፤ እጅጌውን አሳጠርኩለት፤
ሻንጣው የተኮላ፤ ቁልፉ ቢሰበር በገመድ አሰርንለት፤
ሰዓቱ የኔ።
ባንዲራውን በአራት ሜትር ሰፋሁ፤ ከጥጉ "ደሴ" ብዬ ጠለፍኩ፣
በነጭ ክር፣ በደቃቁ። ማን እንዲያነበው እንጃ፤ ብቻ ጠለፍኩ።
ጦሳ ጭጋጉን ሳይገልጥ ከመናኸሪያ ሸኘነው፤
አውቶቡሱ ሐረጎን ሲወርድ፣ ጥሩምባው
ተጠማዞ ተጠማዞ እስኪጠፋ ቆመን ሰማነው።

የጨዋታው ዕለት ስንዱ ምግብ ቤት፣ ሰባታችን ባንድ አግዳሚ፣
ካሜራው ሕዝቡን ባሰሰ ቁጥር —
"ያውና ሙሄ!"
"ያቺ ሴት ናት።"
"ያውና ኮቱ!"
"የኔ ኮት ጥቁር ነው" ይላል እንድሪስ በቁጣ።
ከእረፍት በኋላ ነው። የኛ ልጅ በቀኝ በኩል ኳስ ይዞ ወጣ፣
አንዱን አለፈ፣ ሌላው ተንሸራተተ፣ ቀና ብሎ አየና —

መብራት ሄደ።

የማቀዝቀዣው ሆድ እንኳ ዝም አለ።
ከዚያ ከቧንቧ ውሃ፣ መብራት ካልጠፋበት፣ እልልታ ተንከባለለ፣
ከቆርቆሮ ቆርቆሮ እየዘለለ መጥቶ በራችንን መታ።
የማን እንደሆነ የማላውቀው ጢም ጉንጬን እየወጋኝ
በጨለማ ተቃቅፌ አለቀስኩ።
"ግድ የለም" አለ ተኮላ፤ "ሙሄ አይቷል። ሲመጣ እናያለን።"
በማግስቱ ዜናው ጎሏን ሊያሳይ ሲል
"አጥፊው ስንዱ፣ ሙሄ ይምጣ" አልን።

በዐሥራ አንደኛው ቀን ከተፍ አለ፤ ከንፈሩ ደርቆ፣ ኮቱ ተጨማዶ።
"በል እንጂ! ጎሏ!"
ሙሄ ጣቶቹን አየ። ከዚያ የሁለት ዓመቱን ባንዴ አወራ፦

"ከፊቴ ሰው ነበር፣ ቁመቱ የስልክ እንጨት።
ስሙን አላውቅ፣ ቋንቋውን አላውቅ፤
የማውቀው ጀርባውን ነው፤
ቢጫ ሹራብ፣ ትከሻው ላይ የተተረተረ።
ሁለት ጥልፍ ቢያገኝ ይቆማል እያልኩ እሱን ሳይ
ምድሪቱ ተናወጠች።
ሰውየው ዞረና ብብቴን ይዞ እንደ ሕፃን አነሳኝ፤
ከላይ ሆኜ ያየሁት
በረኛው ኳሷን ከመረብ ሲያወጣ ነው።
ሲያልቅ፣ ውጪ፣ መብራት ምሰሶ ሥር አስቀምጬ ሰፋሁለት።
መርፌ ከኮፍያዬ አይለይም፤
ክሩን ከባንዲራህ መዘዝኩ።
ይቅር በለኝ፤ ከደሴ 'ሴ'ዋ የለችም።"

ማንም አልሳቀ። ማንም አልተቆጣም።
ተኮላ ብቻ፣ ቆይቶ፣ "ኳሷስ?" አለ።
"በር ላይ ሲሸጧት በእጄ ነካኋት" አለ ሙሄ፣ እንዳዘነ፤
"ስፌት የላትም። በሙጫ ነች።"

ባንዲራው ሱቄ ግድግዳ ላይ ነው። ደንበኛ "ደ ምንድን ነው?" ሲለኝ
"ቀሪዋ ውጭ አገር ናት" እላለሁ፤ ክሬን በምራቄ አርጥቤ።

ክረምት ገባ። ጣሪያው ያፈሳል።
ሚስቴ ሳፋውን ከሥሩ ደግና ደብተሬን ታየዋለች።
አዲስ ነው። ገጽ አንድ፦
ሙሄ ይማም፣ ሃምሳ።