የኋላ በር

ታምፔሬ፥ ጥር ወር፤ ከምድር ቤት መስኮት
ጫማ ብቻ ያልፋል፥ ሰው አይታይበት።
ቬይኮ ያነባል፦ «ኦልቫዎች የንጋት ልጆች ናቸው፤
ጥላ የሚያዝዝ ሁሉ ይጥፋ ከመካከላቸው።»
ቱኦቪ ሳቀች፦ «ታዲያ የኔዋ የት ትግባ?
ጥላ ጠሪ ናት፥ ያውም በአንተው ብዕር ተመዝግባ።»
«ርጉም ትባል» አለ ኤስኮ፥ ብስኩት እየሰበረ፤
የቬይኮ እርሳስ ግን ባዶው ኅዳግ ላይ ቀረ።

እሷ የሌሊት ተረኛ ናት፥ ሆስፒታል፥ አራተኛ ፎቅ፤
ማን ሊሄድ እንደ ተነሣ መብራት ሳያበራ የሚያውቅ
እጅ አላት። ዓይን ትከድናለች፥ አገጭ ታስራለች፥
ሲነጋ ለቀን ሠራተኛ ቁልፉን ሰጥታ ትሄዳለች።

ቀስ ብላ «ጻፍ» አለች፦ «ንጋት ስትወለድ
እትብቷን የቆረጠች አለች፥ ያለ መብራት የምትሄድ።
ደሙን አጠበች። ስሟን ግን ማንም አልጠየቀ፤
ልጅቷ ስታበራ ያ ፊት በጥላ ተደበቀ።
የሷ ወገን ናቸው እነዚህ። በመቅደሱ በስተኋላ
በር አላቸው፥ ሬሳ የሚወጣበት። ያለ እነሱ ጥላ
ጸሎት አይደመደምም።»

ቬይኮ ጻፈ፤ ሰረዘ፤ ደግሞ ጻፈና ቆየ።
«ይበድላሉ?»
«እንደ ካህናቱ።» ዳይሱ ሁለት አሳየ።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ነው። ካፖርቷን ደረበች።
ጫማዋ በመስኮቱ አለፈ።