መስኮት ቁጥር ሁለት

ሰኞ ነው፤ ዝናብ ነው፤ ጅማ ነው፤ ሌላ ምን ይኖራል?
ከሌሊት የጀመረው፣ ቆርቆሮው ላይ እስካሁን ያወራል።
እኔ ካርድ ክፍል ነኝ፣ መስኮት ቁጥር ሁለት፣
እስክሪብቶው እንዳይጠፋ በሲባጎ ከጠረጴዛው የታሰረበት።
ከመስታወቱ ማዶ አንድ ሰው መጥቶ ቆመ፤
ጃኬቱ ውሃ ያወርዳል፤ ከንፈሩ ግን በጋ እንደ ከረመ።

«ስም?»
«ተማም አባ ቡልጉ።»
«ዕድሜ?»
«አርባ ዘጠኝ፤
የጾረናውን ዓመት አንድ ብቻ ካልሽው።»
«ሥራ?»
«ወታደር።»
«ነበር» ብዬ ጨመርኩ። እጄ ነው፤ ልማድ አለበት።
ጣቱን በመስታወቱ ቀዳዳ አሾልኮ ቃሏ ላይ አሳረፈባት።
«ይቺን ሰርዢልኝ፤ ወረቀት ነው ያሰናበተኝ፤
ሌሊቱ ገና መች ለቀቀኝ።»

ሰረዝኳት።

ቅጹ የማይጠይቀው ብዙ ነው።
ሂርማታ ገበያ የባጃጅ ጎማ ሲፈነዳ
ከሽንኩርት ቁልል ሥር በደረቱ መሳቡን፣
ሻጮቹ ስቀው ስቀው፣ ኋላ ዝም ማለታቸውን፣
ሚስቱ ሸምሲያ በረመዳን ለሱሁር ስትቀሰቅሰው
በእጇ እንደማትነካው፣
ከበሩ ቆማ በመጥረጊያ እንጨት ጫፍ
እግሩን ብቻ እንደምትነቀንቀው
የሚጻፍበት ቦታ የለም።

«ቅጠሉን የምቅመው እንዳልተኛ ነው» አለኝ አንድ ቀን፤
«ከተኛሁ ይመጣሉ። ሲመሽ ደግሞ ጨብሲ፤
አረቄውን የምጠጣው ሲመጡ እንዳላይ።
አንዱ ሲያነቃኝ ሌላው ሲጥለኝ፣
ሁለቱን ላስታርቅ ስል ማና ያለችው የቡና መሬቴ አለቀችብኝ።
ብተወው ሐራራ፣ ብተኛ ዱካክ፤
ሲስተር፣ አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?»

ሲስተር አይደለሁም፤ ካርድ ነው የማወጣው።
ግን አላረምኩትም።

ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት፣ ከኋላ ባለው ክፍል ይሰበሰባሉ።
ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም ጀርባቸውን ለግድግዳ ይፈልጋሉ፤
ለበሩ ጀርባ የሚሰጥ አይገኝም።
እዚያ ጋ ወንበር ስባ የምትቀመጠው ሲስተር ዲንቂ ናት፤
ማንም ቢገባ መጀመሪያ የሚያገኘው እሷን ነው።
ይህም ሕክምና ነው፤ መዝገብ ላይ ግን አይወጣም።
አንዱ ሽማግሌ ነው፣ አንድ ጆሮውን ናቅፋ የተወ፣
አንዱ ጢሙ ገና ያልሞላ ልጅ፤
የየትኛው ጦርነት ብሎ የጠየቀ የለም።
ክኒኑ አልቆ «ከውጭ ግዙ» የሚባልበት ወር አለ፤
ያን ወር ስድስቱ ሦስት ይሆናሉ።

ተማምም ጠፋ። ኅዳርን፣ ታኅሣሥን፣ ጥርን።
ካርዱን ከመደርደሪያው ሁለቴ አውጥቼ አየሁት፤
ሥራ ብሎኝ አይደለም።

በመጋቢት መጣ፤ ከዝናቡ ጋር። ከስቷል።
ሸምሲያ አብራው ናት፤ ክንዱን ይዛዋለች፣ በእጇ።

ቅጹ ይጠይቃል፦ ጫት? አልኮል?
«ይቅም ነበር፣ ይጠጣም ነበር በዪ» አለኝ።
«ከመቼ ጀምሮ?»
«ከትናንት ወዲያ።»
ሸምሲያ ወለሉን አየች።
የታሰረውን እስክሪብቶ ትቼ ከቦርሳዬ እርሳስ አወጣሁ፤
«ነበር» ብዬ በቀጭኑ ጻፍኩ።
አየኝ፤ አልተቀየመም።
«ሐሙስ ስመጣ ታደምቂዋለሽ» አለና ሄደ።

ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ስምንት ሰዓት ሊሆን ነው።
ቆርቆሮው ያወራል።
እስክሪብቶውን ከነሲባጎው ወደ እኔ ስቤ
ተቀምጫለሁ።