ስለት

አርባ ቢላዋ ነበረኝ፣
አንዱም ሽንኩርት ያልቀመሰ።
ውድነሽ ታዲያ ትስቃለች፦
«የወጥ ቤቱ ዶልዱሞ ቲማቲሙን ደፍጥጦ ጨረሰ፤
አንተ ምድር ቤት ወርደህ ለብረት ዘይት ትቀባለህ፤
በየትኛው ሠርግ ልታርድ ይህን ሁሉ ታከማቻለህ?»

እውነቷን ነው። ግን አታውቅም፣
ወይም ታውቃለች፣ አትለኝም፤

እጀታው የቆዳ ቀለበት፣ አንድ በአንድ የተደረደረ፤
ጀርባው መጋዝ፣ የወደቀ አውሮፕላን ገላ ሊሰነጥቅ የተፈጠረ፤
መከታው ላይ ሁለት ቀዳዳ፣ ከእንጨት ታስሮ ጦር እንዲሆን፤
ሰገባው ላይ ትንሽ ኪስ፣ አውራ ጣት የምታክል ሞረድ፣ ለክፉ ቀን።
ሰው ከሰማይ ተጥሎ፣ ማንም በማያውቀው ዱር፣
ራሱና ቢላው ብቻ ሲቀር፣
ያኔ እንዲቆርጥ ነው ወታደር ቤት ያደለው።
እኛ ሰብሳቢዎች የምንሻው ግን ያን ቀን ያላየውን ነው፤
ቅባቱ ያልደረቀ፣ ከወረቀቱ ያልወጣ፣
ማንንም ያላዳነ፤ ዋጋው ሰማይ የወጣ።

ሰኔ ላይ፣ ራፒድ ሲቲ፣ ከአየር ኃይል ሰፈሩ ማዶ፣
ቅዳሜ ጠዋት ጋራዡ ተከፍቶ፣ የሟች ዕቃ ሣር ላይ ወርዶ፣
«የኦርቪን ነው» አሉኝ ወይዘሮ አርዲስ ሃልቮርሰን፣ ከመንጠቆ ሣጥኑ ሥር አንስተው፤
ሠላሳ አምስት ዶላር ይላል፣ በሚንቀጠቀጥ እጅ ጽፈው።
እንደ ሌባ ዓይኔን ሰበርኩ፤
እጀታው ጫፍ የተመታውን አነበብኩ፦
ማርች ስድሳ ሁለት። የጎደለኝ! ስፈልገው ዓመታት የቆጠርኩ።
ዋጋው ዐሥር እጥፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ አፌን ቆለፍኩት፤
ሁለት ሃያ ሰጠኋቸው፤ አምስቱን መልስም ተቀበልኩት።
አዎ፣ ተቀበልኩት።

ማታ ከመብራት ሥር መዘዝኩት፤ አርባ አንደኛው።
ስለቱ ትናንት የወጣ፤ ጭረት የለው፣ ዝገት የለው።
ሞረዷ ግን፣ ሞረዷ መሃሏ ተበልቶ ጎድጉዷል፤
ከብት የላሰው አሞሌ ይመስላል።
ቢላው ልጃገረድ፣ ሞረዷ አሮጊት፤
እንቆቅልሽ! አገር ሰጠሁ፤ መልስ አልመጣም ያን ሌሊት።

ሰኞ ስልክ ጮኸ። «ልጄ፣ ቢላው ላንተ ይሁን፤
ድንጋይዋን ግን መልስልኝ፤ ረስቼ ነው እሷን።
ሃምሳ ዓመት የሰው ልብስ ስሰፋ፣ እሑድ እሑድ፣
መቀሴን የሚስልልኝ ኦርቪን ነበር፣ በዚያች ሞረድ።
ቢላውንማ ምን ሊያደርገው? አልወደቀም እኮ፣ አልጠፋም፤
ሳይመለስ የቀረበት ቀን የለም።»

አማርኛዬ ያውቀዋል ይህን፤ ለሳቸው ማስረዳት አልቻልኩም፤
«ባሌ ሳለ» ብትል ሴት፣ መቀስ ይሁን ዕድሜ አይለይም።
ስለትም ሁለት ነው፤ አንዱ ሰገባ ይገባል፣
አንዱ ደጀ ሰላም ይገባል፤
የኦርቪን የቱ እንደነበር ሞረዷን መጠየቅ ይሻላል።

ማክሰኞ ሄድኩ፣ ሞረዷን በመሃረብ ጠቅልዬ፣
የቀረውን ዋጋ በፖስታ፣ «ተሳስቼ ነበር» ብዬ።
እምቢ ይሉኛል ብዬ ነበር። አላሉም። ጣታቸውን ልሰው
ቆጠሩት፣ አንድ ሳያስቀሩ፤ ከዚያ መቀሱን አምጥተው፣
«ዘይት አትጠቀም፤ እንትፍ በልበት፣ ኦርቪን እንዲያ ነበረ፤
ከራስህ ወደ ውጭ ግፋው፤ ቀስ» አሉ። እጄ ተማረ።

ኪሱ ባዶ ነው አሁን፤ ሰብሳቢ ቢያየው ያጣጥለዋል፤
«ጎዶሎ» ይለዋል። ይበለው።
ትናንት ከወንዙ ዳር አንድ ለስላሳ ድንጋይ ለቀምኩ፤
እንትፍ አልኩበት፤ የወጥ ቤቱን ቢላ ሳልኩ።
ቲማቲሙ ሳይደማ እንደ ወረቀት ተቆረጠ።
ውድነሽ ቢላውን አየች፤ እኔን አየች፤ ሳቋ አመለጠ፦
«አርባ ሁለት» አለች።