ማረሚያ

ጋዜጣው የሰጠኝ ግማሽ ገጽ ነበረ፣
ግማሹን ገጽ ሞላሁ ፊልሙ ሳያልቅ ገና፤
ብዕሬ በጨለማው ሮጠ፣ ሰከረ፣
እኔም አላቆምኩት፣ ሙያ ነው አልኩና።

«የመጀመሪያ ሥራው ነው፤ ያስታውቃል» ብዬ ጻፍኩ፤
«አባት ይጮኻል፣ እናት ታለቅሳለች፣
በር ሲጢጥ ይላል፣ ጥላ ይረዝማል፣
ጓዳ የተቆለፈች ልጅ በር ትደበድባለች።
ጥላው በዛ። የመብራት ባለሙያው ደመወዙን ይመልስ።
ቤተሰብ እንዲህ አይደለም፤ ቅዠት እንዲህ ነው።»

ዳይሬክተሩ ይታገሱ አጥላባቸው ይባላል።
በስሙም ቀለድኩኝ፦ «አባት አጥላባቸው፣
ልጅም በተራው እኛ ላይ አጠላብን፤
ይታገሱ አሉን፤ ታገስን፣ ታገስን፣
ትዕግሥታችን አለቀ፤ ፊልሙ ግን አላለቀልን።»

አዲስ አበባ ሳቀች። አንዱ «ድፍረት» አለው፣
አንዱ «የሙት ታሪክ በሕያው ካሜራ»፣
አንዷ «የመንዝን ውርጭ የቀረጸ ሰው»፣
ሌላው «ለዚህ ነበር ያ ሁሉ ፉከራ?»

በሦስተኛው ሳምንት ፖስታ ደረሰኝ፤
ስድብ ጠብቄ ስከፍተው፣ የአውቶቡስ ትኬት።
«ቅዳሜ ማታ መሐል ሜዳ ይታያል፣
በማኅበሩ አዳራሽ፤ አትምጣ ያለ ካፖርት።»

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ዋጠው፤
ሹፌሩ በመስኮት አንገቱን አወጣ፣
ረዳቱ ወርዶ ባትሪ እያበራ
እንደ ቀብር መሪ ከፊታችን ወጣ።
ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ እጄን አላየሁትም።
«ጥላው በዛ» ያልኳትን ዐረፍተ ነገር
ኪሴ ውስጥ ነካኋት፤ ምንም አልተናገረችም።

አዳራሹ የእህል መጋዘን ነበር፤
ገብስ ይሸታል፤ ጀነሬተር ከውጭ ያስላል።
አንሶላ ተወጠረ፤ ሰው ባናውን ተጀቡኖ
ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ መስሏል።

አዲስ አበባ ባለቀሰችበት ቦታ
ሦስት ሽማግሌዎች ከት ብለው ሳቁ፤
በሬው ሲሸጥ ነበር፣ ዋጋውን ሰምተው፤
ከዋጋው በቀር ሁሉንም አወቁ።

በሩ ሲጢጥ ሲል ግን አዳራሹ ዝም አለ።
አንዱ ተነሥቶ ወጣ፣ ቀረ በዚያው ማታ፤
አንዷ የልጇን ጆሮ ሸፈነች፣ ዓይኑን ትታ፤
ስም የጠራ የለም፤ ሁሉም ግን ዘወር ብሎ
አየ ወደ አንድ ወንበር፣ ወደ ጥጉ ቦታ።

ፊልሙ አለቀ። «አስተያየት?» ተባለ።
አንዱ «ድምፁ ያንሳል»፣ ሌላው «ረዝሟል» አለ፤
መምህሩ «አስተማሪ ነው» ብሎ ተቀመጠ፣
ምን እንደሆን ትምህርቱ በሆዱ እንዳለ።

ከጥጉ ወንበር እትዬ ይመኙሻል ተነሡ፣
የይታገሱ አክስት፣ ባናው እስከ አገጫቸው።
«ልጁ ዋሽቷል» አሉ።
ልጁ አንገቱን ደፋ።
«ጓዳው ውስጥ ኩራዝ አብርቷል።
ኩራዝ አልነበረም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ
ቀንና ሌሊቱን በቁልፉ ቀዳዳ ነው የለየሁት፤
ቁልፉም በአባቱ ኪስ፣ በወንድሜ በአጥላባቸው።
ይህን አልነገርኩትም። ከየት እንዳመጣው እንጃ።
ግን ሰው እንዲያየኝ ብሎ መብራት ጨመረልኝ።»
ፊልሙ ምክንያት ሲፈልግ አመሸ፤
እሳቸው ምክንያት የሚባል አላነሡም።
ሊቀመጡ ሲሉ፣ «እግዜር ይስጥህ» አሉት፤
«ውሸት ቢሆንም ሞቀኝ።»

ያን ሌሊት በአልጋ ቤቱ ሻማ ጻፍኩ፦
«ባለፈው እትም ‹ጥላው በዛ› የተባለው
‹መብራቱ በዛ› ተብሎ ይነበብ።»
ለአዘጋጁ ደወልኩ።
«ማረሚያ ለስም ስሕተት ብቻ ነው» አለኝ።
«ስሙንም ተሳስቻለሁ» አልኩት፤ መስመሩ ተቆረጠ።

ሲነጋ ይታገሱ መናኸሪያ ሸኘኝ፣
እጁ ናፍጣ በናፍጣ፣ ዓይኑ እንቅልፍ ያላየ።
«ምን ትላለህ» አለኝ፣ «ኩራዟን ቆርጬ ላውጣት?»

እኔ፣ ፊልም ሳያልቅ ግማሽ ገጽ የምሞላው፣
ጡሩምባው እስኪጠራኝ መሬት መሬት አየሁ።